የግዴታ ፈቃድ፦ የፓተንት ሕግና መድኃኒት የማግኘት መብት

አንድ በሽታ መድኃኒት ተገኝቶለት እያለ ሕሙማን በዋጋው መወደድ ምክንያት ሳያገኙት የሚቀሩበት ሁኔታ በብዙ አገሮች አጋጥሟል። ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ፓተንት ነው። ፓተንት ያለው ድርጅት ሌሎች አምራቾች ያንኑ መድኃኒት ሠርተው በዝቅተኛ ዋጋ እንዳያቀርቡ የመከልከል መብት አለው። ይሁን እንጂ ይህን መብት የሚሰጠው ሕግ ራሱ የባለመብቱ ብቸኝነት የሕዝብን ጥቅም በሚጎዳበት ጊዜ መንግሥት ለሌላ አምራች ፈቃድ የሚሰጥበትን መንገድ አብሮ ደንግጓል። ይህ ፈቃድ የግዴታ ፈቃድ ይባላል።

የግዴታ ፈቃድ ከሕግ ውጪ የሚወሰድ የቅጣት እርምጃ አይደለም። የባለመብቱን ንብረት መውረስም አይደለም። በሌላ በኩል ፈቃዱ መሰጠቱ ብቻውን መድኃኒቱን ለሕሙማን አያደርስም። ቀጥሎ የቀረበው ማብራሪያ የፓተንትን ምንነት፣ የግዴታ ፈቃድ የሚሰጥባቸውን ሁኔታዎች፣ የሌሎች አገሮችን ልምድ፣ እንዲሁም መድኃኒት የታጣበት ወይም የተወደደበት ዜጋ ሊያጣራቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ይመለከታል።

ፓተንት ምንድን ነው?

ፓተንት አዲስ ለሆነ፣ የፈጠራ ብቃት ለሚታይበትና በኢንዱስትሪ ሊተገበር ለሚችል ፈጠራ መንግሥት የሚሰጠው፣ በጊዜ የተወሰነ ብቸኛ መብት ነው። ፈልሳፊው በምላሹ የፈጠራውን አሠራር በጽሑፍ ገልጦ ለሕዝብ ያሳውቃል። የጥበቃው ዘመን ሲያበቃ ፈጠራው የሁሉም ይሆናል፤ ማንኛውም ብቃት ያለው አምራች ያለ ማንም ፈቃድ ሊሠራበት ይችላል። ስለዚህ ፓተንት በፈልሳፊውና በሕዝቡ መካከል የተደረገ ውል ያህል ሊታይ ይችላል።

መድኃኒትን በሚመለከት ስለ ፓተንት ሦስት ነጥቦችን መገንዘብ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ፓተንት በተሰጠበት አገር ክልል ውስጥ ብቻ የሚጸና መብት ነው። በአሜሪካ ወይም በጀርመን የተመዘገበ ፓተንት በኢትዮጵያ ውስጥ በራሱ ኃይል የለውም። ባለመብቱ በኢትዮጵያ ጥበቃ የሚያገኘው በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት ሲያመለክትና ሲሰጠው ነው።

ሁለተኛ፣ በአንድ መድኃኒት ላይ ከአንድ በላይ ፓተንት ሊኖር ይችላል። አንዱ የመድኃኒቱን ዋና ንጥረ ነገር፣ ሌላው የአመራረት ዘዴውን፣ ሌላው ደግሞ የአዘገጃጀቱን ዓይነት ሊሸፍን ይችላል። በዚህም ምክንያት የአንዱ ፓተንት ዘመን ማብቃት መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ ከጥበቃ መውጣቱን ሁልጊዜ አያመለክትም።

ሦስተኛ፣ ፓተንት ሌሎችን የመከልከል መብት እንጂ መድኃኒቱን ለመሸጥ የሚያስችል ፈቃድ አይደለም። መድኃኒቱ ገበያ ላይ የሚውለው ደኅንነቱ፣ ፈዋሽነቱና ጥራቱ በመድኃኒት ተቆጣጣሪ አካል ተመርምሮ ሲመዘገብ ነው።

መድኃኒት የማግኘት መብት በሕግ ያለው ቦታ

የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 12 እያንዳንዱ ሰው ሊደረስበት የሚችለውን ከፍተኛ የአካልና የአእምሮ ጤንነት ደረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 14 መሠረታዊ መድኃኒቶችን ማቅረብ ከመንግሥታት ዝቅተኛና ዋነኛ ግዴታዎች አንዱ መሆኑን ገልጿል። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተርም በአንቀጽ 16 የጤና መብትን አውቋል።

ኢትዮጵያ ቃል ኪዳኑን እ.ኤ.አ. በ1993 ተቀብላለች። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ይደነግጋል። በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ መንግሥት የጤና፣ የትምህርትና ሌሎች የማኅበራዊ አገልግሎቶችን ለሕዝብ ለማቅረብ በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል።

የፈልሳፊዎችም መብት በእነዚሁ ሕጎች ውስጥ ቦታ አለው። ቃል ኪዳኑ በአንቀጽ 15 ማንኛውም ሰው ከሳይንስ ዕድገት ፍሬ የመጠቀም መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ የሳይንስና የሥነ ጽሑፍ ሥራ አመንጪዎች ከሥራቸው የሚገኘው ሞራላዊና ቁሳዊ ጥቅም እንዲጠበቅላቸው ጭምር ደንግጓል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ግዙፋዊ ሀልዎት የሌለውን የፈጠራ ውጤት በንብረትነት ያውቃል። ሆኖም ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 17 በአመንጪው ሰብአዊ መብትና ሕግ በሚሰጠው የአእምሯዊ ንብረት መብት መካከል ልዩነት እንዳለ አስረድቷል። የመጀመሪያው ለሰው ልጅ በሰውነቱ የሚገባ ነው። ሁለተኛው መንግሥት ለተወሰነ ዓላማ የሚሰጠው፣ በጊዜ የሚገደብ፣ ሊተላለፍና ሊሻር የሚችል መብት ነው። የግዴታ ፈቃድ ሕጋዊ መሠረትም ከዚህ ልዩነት ጋር የተያያዘ ነው።

የግዴታ ፈቃድ ምንነትና ቅድመ ሁኔታዎቹ

አንድ አምራች በፓተንት የተጠበቀን መድኃኒት በሁለት ዓይነት ፈቃድ ሊያመርት ይችላል። የመጀመሪያው ባለመብቱ በስምምነት የሚሰጠው የውዴታ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው ባለመብቱ ባይስማማም በሕግ ሥልጣን የተሰጠው የመንግሥት አካል የሚሰጠው የግዴታ ፈቃድ ነው።

የግዴታ ፈቃድ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1883 የተፈረመው የኢንዱስትሪ ንብረት ጥበቃ የፓሪስ ስምምነት፣ በኋላ በተደረጉበት ማሻሻያዎች፣ አገሮች ባለመብቱ በፓተንቱ ሳይሠራበት ሲቀር የግዴታ ፈቃድ እንዲሰጡ ፈቅዷል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው፣ ትሪፕስ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 31 የሚከተሉትን ዋና ዋና ሁኔታዎች አስቀምጧል፦

• እያንዳንዱ ጥያቄ በራሱ ጭብጥ ተመርምሮ ይወሰናል።
• ጠያቂው አስቀድሞ በተገቢ የንግድ ሁኔታ የውዴታ ፈቃድ ለማግኘት ሞክሮ በበቂ ጊዜ ውስጥ ያልተሳካለት መሆን አለበት። በብሔራዊ አስቸኳይ ሁኔታ፣ በሌላ እጅግ አጣዳፊ ሁኔታ ወይም መንግሥት ለንግድ ላልሆነ ሕዝባዊ አገልግሎት በሚጠቀምበት ጊዜ ይህ ሁኔታ ሊቀር ይችላል።
• የፈቃዱ ወሰንና ዘመን ለተሰጠበት ዓላማ የተገደበ ነው።
• ፈቃዱ ብቸኛ አይሆንም፤ ባለመብቱም ሆነ ሌላ ባለፈቃድ ማምረቱን ሊቀጥል ይችላል።
• ምርቱ በዋነኛነት ለአገር ውስጥ ገበያ የሚውል ይሆናል።
• ለባለመብቱ የፈቃዱን ኢኮኖሚያዊ ዋጋ ያገናዘበ በቂ ክፍያ ይከፈለዋል።
• ውሳኔውና የክፍያው መጠን በፍርድ ቤት ወይም በሌላ ነጻ የበላይ አካል ሊመረመር ይችላል።

የዓለም ንግድ ድርጅት አባል አገሮች ሚኒስትሮች እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 2001 በዶሃ ባወጡት መግለጫ ስምምነቱ የሕዝብን ጤና ለመጠበቅ፣ በተለይም መድኃኒት ለሁሉም እንዲዳረስ ለማድረግ በሚያግዝ መንገድ ሊተረጎምና ሊፈጸም እንደሚገባ አረጋግጠዋል። የግዴታ ፈቃድ የሚሰጥባቸውን ምክንያቶች መወሰንም ሆነ ምን ዓይነት ሁኔታ ብሔራዊ አስቸኳይ ሁኔታ እንደሚባል መወሰን የእያንዳንዱ አገር መብት መሆኑ በዚሁ መግለጫ ሰፍሯል። ስለዚህ የግዴታ ፈቃድ የሚሰጠው በአስቸኳይ ጊዜ ብቻ ነው የሚለው የተለመደ አስተያየት ትክክል አይደለም።

ከመግለጫው በስተጀርባ የነበረው ችግር የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ነው። በዚያን ጊዜ የአንድ ሕመምተኛ የዓመት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ዋጋ ከ10,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ ላይ ሲፕላ የተባለው የሕንድ አምራች ተመሳሳዩን ጥምር መድኃኒት ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት በዓመት በ350 ዶላር ለማቅረብ ተስማማ። ይህ ሊሆን የቻለው ሕንድ እ.ኤ.አ. እስከ 2005 ለመድኃኒት ምርት ፓተንት አትሰጥም ስለነበር ነው። በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአፍሪካ እንዲህ ያለው ሰፊ አገልግሎት እንዲቻል ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የዋጋ መውረድ ነበር።

በኢትዮጵያ ሕግ

በኢትዮጵያ የፓተንት ሥርዓት የተዘረጋው በፈጠራ፣ በአነስተኛ ፈጠራና በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። አዋጁ የፓተንትን ዘመን 15 ዓመት አድርጎ፣ ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በአግባቡ እየተሠራበት መሆኑ ሲረጋገጥ ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊራዘም እንደሚችል ደንግጓል። ሰውን ወይም እንስሳን በቀዶ ሕክምና ወይም በሌላ ሕክምና የማዳን ዘዴዎችንና የበሽታ መመርመሪያ ዘዴዎችን ፓተንት ከሚሰጣቸው ፈጠራዎች ውጪ አድርጓል። ለእነዚህ ዘዴዎች የሚያገለግሉ ምርቶች ግን፣ መድኃኒቶችን ጨምሮ፣ ፓተንት ሊያገኙ ይችላሉ።

አዋጁ ጤናን የሚመለከቱ ሁለት መንገዶችን ከፍቷል። አንደኛው የባለመብቱን መብት የሚገድበው ድንጋጌ ነው። በዚህ ድንጋጌ መሠረት ለብሔራዊ ደኅንነት፣ ለምግብ፣ ለጤና ወይም ለሌላ ዋነኛ የኢኮኖሚ ዘርፍ ዕድገት ሲያስፈልግ፣ ለባለመብቱ ተገቢ ክፍያ እየተከፈለ በፈጠራው መጠቀም ይቻላል። ሁለተኛው የግዴታ ፈቃድ ነው። ባለመብቱ በሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ በፈጠራው ካልሠራበት ወይም አንድ የኋላ ፈጠራ የቀድሞውን ፓተንት ሳይነካ ሊሠራበት የማይቻል ሲሆን ፈቃዱ ሊጠየቅ ይችላል።

በትሪፕስ ስምምነት ረገድ፣ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ የሚገኙ የድርጅቱ አባል አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ ጥር 1 ቀን 2033 ለመድኃኒት ምርቶች የፓተንት ጥበቃ እንዲሰጡ አይገደዱም። ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት አመዳደብ ከእነዚህ አገሮች አንዷ ስትሆን፣ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ማመልከቻ ለማቅረብ የሚያስብ አምራች በሥራ ላይ ያለውን ሕግና ማሻሻያዎቹን ከፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ፈቃዱ በተግባር፦ የሕንድ ጉዳይ

የግዴታ ፈቃድ አሰጣጥን በግልጽ የሚያሳየው በሕንድ በሶራፌኒብ ላይ የተሰጠው ውሳኔ ነው። ሶራፌኒብ የተስፋፋ የጉበትና የኩላሊት ካንሰር ያለባቸውን ሕሙማን ዕድሜ የሚያራዝም መድኃኒት ነው። ፓተንቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2008 ለባየር ኩባንያ የተሰጠ ሲሆን፣ ለአንድ ሕመምተኛ የአንድ ወር መድኃኒት ዋጋ 280,428 ሩፒ ነበር። ናትኮ የተባለ የሕንድ አምራች በመጀመሪያ የውዴታ ፈቃድ ጠይቆ ተከለከለ። ከዚያም ፓተንቱ ከተሰጠ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011፣ ለሕንድ የፓተንት መሥሪያ ቤት አመለከተ።

መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2012 በሰጠው ውሳኔ ሦስት ጭብጦችን መርምሮ ሦስቱንም ለአመልካቹ ወሰነ። መድኃኒቱ የደረሰው ሊያገኙት ከሚገባቸው ሕሙማን ከመቶ ሁለት እጅ በጥቂት ለሚበልጡት ብቻ በመሆኑ የሕዝቡ ፍላጎት አልተሟላም፤ ዋጋው ሕዝቡ ሊከፍለው የሚችል አይደለም፤ ፈጠራውም በሕንድ ውስጥ አልተሠራበትም የሚሉ ነበሩ። ናትኮ የአንድ ወሩን መድኃኒት ከ8,880 ሩፒ ባልበለጠ ዋጋ እንዲሸጥ፣ በዓመት ቢያንስ ለ600 ችግረኛ ሕሙማን በነጻ እንዲሰጥና ከሽያጩ 6 በመቶ ለባለመብቱ እንዲከፍል ታዘዘ። ይግባኝ ሰሚው ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2013 ክፍያውን ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ውሳኔውን አጸና። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 የኩባንያውን አቤቱታ ሳይቀበል ቀረ።

በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2013 ሌላ አምራች ዳሳቲኒብ ለተባለው የደም ካንሰር መድኃኒት ያቀረበው ተመሳሳይ ጥያቄ ውድቅ ተደርጓል። ምክንያቱ አመልካቹ ከባለመብቱ የውዴታ ፈቃድ ለማግኘት በቂ ጥረት አላደረገም የሚል ነበር። ሁለቱ ጉዳዮች ሲነጻጸሩ የመድኃኒቱ አስፈላጊነትና የዋጋው መወደድ ብቻ ለፈቃድ እንደማያበቁ፣ ሕጉ ያስቀመጠውን ሥርዓት ደረጃ በደረጃ መከተል ግዴታ እንደሆነ ያሳያሉ።

የማምረት አቅም የሌላቸው አገሮች፦ የሩዋንዳ ጉዳይ

የግዴታ ፈቃድ የሚጠቅመው መድኃኒቱን የሚያመርት ፋብሪካ ሲኖር ነው። ፋብሪካ የሌለው አገር ከሌላ አገር ለማስገባት ሲሞክር፣ በዚያ አገር የተሰጠ ፈቃድ ምርቱ በዋነኛነት ለአገር ውስጥ ገበያ እንዲውል ስለሚያዝ እንቅፋት ያጋጥመዋል። ይህን ለመፍታት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 30 ቀን 2003 ልዩ ውሳኔ ተላልፏል፤ ውሳኔውም እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ የስምምነቱ ቋሚ አካል ሆኗል። በዚህ መሠረት አቅም ለሌለው አገር ብቻ የሚላክ መድኃኒት በግዴታ ፈቃድ ሊመረት ይችላል።

በዚህ ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመችው ሩዋንዳ ናት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 ሦስት ንጥረ ነገሮችን የያዘ 260,000 ፓኮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ለማስገባት ማሰቧን ለዓለም ንግድ ድርጅት አሳወቀች። አፖቴክስ የተባለው የካናዳ አምራች ከአገሩ የፓተንት መሥሪያ ቤት የግዴታ ፈቃድ አግኝቶ መድኃኒቱን በሁለት ዙር፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 እና በመስከረም 2009፣ ላከ። ካናዳ ለዚህ የሚያስፈልገውን ሕግ ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2004 በመሆኑ ከሕጉ መጽደቅ እስከ መጀመሪያው ጭነት ከአራት ዓመት በላይ አልፏል። ምርቱ ተለይቶ የሚታወቅበት ምልክት እንዲኖረው፣ መጠኑም አስቀድሞ እንዲወሰን መገደዱ አሠራሩን አክብዶታል።

መድኃኒት የታጣበት ወይም የተወደደበት ዜጋ ምን ማጣራት ይገባዋል?

የአንድ መድኃኒት መታጣት ወይም መወደድ ምክንያቱ ሁልጊዜ ፓተንት አይደለም። የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የአቅርቦት መቋረጥ፣ የአስመጪዎች ማነስ ወይም መድኃኒቱ በአገር ውስጥ አለመመዝገቡ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ማጣራት ጠቃሚ ነው፦

1. የመድኃኒቱ ጠቅላላ ስም። በማሸጊያው ላይ ከንግድ ስሙ ሌላ የንጥረ ነገሩ ስም ተጽፎ ይገኛል። በዚሁ ስም የተዘጋጀ ሌላ አምራች የሠራው መድኃኒት በዝቅተኛ ዋጋ ሊገኝ ስለሚችል ፋርማሲስቱን መጠየቅ ይገባል። ሐኪም ሳይማከሩ መድኃኒት መቀየር ግን አይገባም።

2. የመድኃኒቱ መመዝገብ። ይህን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ያልተመዘገበ መድኃኒት ፓተንት ባይኖርበትም በመደበኛው መንገድ ለገበያ አይቀርብም።

3. የፓተንት ሁኔታ። በኢትዮጵያ ስለተሰጡ ፓተንቶች መረጃ የሚገኘው ከኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። በአገሪቱ ያልተመዘገበ ወይም ዘመኑ ያበቃ ፓተንት እንቅፋት ስለማይሆን የግዴታ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም።

4. የመንግሥት ጤና ተቋማት አቅርቦት። ለእነዚህ ተቋማት መድኃኒት ገዝቶ የሚያሠራጨው የኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። በአንድ ተቋም የታጣ መድኃኒት በሌላው ሊገኝ ስለሚችል ሕክምና የሰጠውን ተቋም ፋርማሲ ማነጋገር የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን ይገባል።

ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ሕመምተኛ ራሱ የግዴታ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል? በተለምዶ ጥያቄውን የሚያቀርበው መድኃኒቱን የማምረት አቅምና ዝግጅት ያለው ድርጅት ነው። ሕሙማንና ማኅበሮቻቸው ግን መድኃኒቱን ምን ያህል ሕሙማን እንደሚፈልጉት፣ በምን ያህል ዋጋ እንደሚገዙትና ምን ያህሉ ሳያገኙት እንደቀሩ የሚያሳይ መረጃ ለሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ማቅረብ ይችላሉ። በሕንድ ጉዳይ ውሳኔው ከተመሠረተባቸው ጭብጦች ዋነኞቹ እነዚሁ ነበሩ።

በግዴታ ፈቃድ የተመረተ መድኃኒት ጥራቱ ዝቅተኛ ነው? አይደለም። ፈቃዱ የሚያነሳው የፓተንት ክልከላን እንጂ የጥራት መስፈርትን አይደለም። በሌላ አምራች የተዘጋጀ ተመሳሳይ መድኃኒት፣ በተለምዶ ጀነሪክ የሚባለው፣ ከሐሰተኛ መድኃኒት ጋር ሊምታታ አይገባም። ጀነሪክ በሕግ ተመዝግቦ የሚሸጥ ነው፤ ሐሰተኛ መድኃኒት ማንነቱን ወይም ምንጩን ደብቆ የሚሸጥ ሕገ ወጥ ዕቃ ነው።

ፈቃድ ከመስጠት ሌላ አማራጭ አለ? አለ። ድርድር አንዱ ነው። ብራዚል ኢፋቪሬንዝ የተባለውን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በተመለከተ ከባለመብቱ ጋር ስለ ዋጋ ስትደራደር ቆይታ፣ ስምምነት ሲታጣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2007 የግዴታ ፈቃድ ሰጥታለች። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመው የመድኃኒት ፓተንት ቋት ነው። ይህ ድርጅት ከባለመብቶች የውዴታ ፈቃድ ተቀብሎ ለጀነሪክ አምራቾች ያስተላልፋል፤ ዶሉቴግራቪር የተባለው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትም በዚህ መንገድ ለብዙ አገሮች በዝቅተኛ ዋጋ ቀርቧል። የግዴታ ፈቃድ በሕግ መኖሩ ራሱ ባለመብቱ በድርድር ዋጋውን እንዲቀንስ ወይም የውዴታ ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያበረታታ በመሆኑ፣ ፈቃዱ ባይሰጥም እንኳ ድንጋጌው ጥቅም አለው።